የአያ ማንደፍሮ ሰንበቶች

ይህ የደረሰብኝ አምና ጥር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው የመድኃኒት አወሳሰድ ሲጠይቀኝ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሦስት ጊዜ አስባለሁ። ሽንፋ ውስጥ ታሪኩን ያልሰማ ሰው ስለሌለ እናንተም ስሙትና አብረን እንሳቅ ብዬ ነው የጻፍኩት። በዕለቱ ግን ሳቅ የሚባል ነገር በአጠገቤ አልነበረም።

ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ነው። በፋርማሲ ተመርቄ፣ ባሌን ተከትዬ መተማ ቆላ፣ ሽንፋ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። የከፈትኳት መድኃኒት ቤት ጠባብ ናት፤ እኔም ከጠዋት እስከ ማታ ከቬንትሌተሩ ሥር ንቅንቅ አልልም። የቆላው ፀሐይ ሲያዩት ያስፈራላ!

አያ ማንደፍሮ ከመድኃኒት ቤቴ ትይዩ ያለው የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ሌሊቱን ሲጠብቁ ያድሩና ቀን ቀን መጋዘኑ ውስጥ በጆንያ መካከል ይተኛሉ፤ ይህን ሲያደርጉ አሥራ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ብቅ ሲሉም አንድ የሱዳን ነጋዴ የሸለማቸውን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጀለቢያ ለብሰው፣ ራሳቸውን በሻሽ ጠምጥመው ነው። ወገባቸውንና እግራቸውን አጥንታቸው ድረስ እየጠዘጠዘ መነሳት ሲከለክላቸው ጎንደር ያለችው ልጃቸው አስመረመረቻቸው። የሐኪሙን ወረቀት ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«ቫይታሚን ዲ አንሶብዎታል» አልኳቸው። «ሰውነታችን ከፀሐይ የሚያገኘው፣ አጥንት የሚያጠነክር ነገር ነው።»

ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ የትራክተር ሾፌር ይህን ሰማ። «መተማ ተቀምጠው ፀሐይ አነሰዎት? ከእኔ ይውሰዱ እንጂ፣ እኔ የሚተርፍ አለኝ» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አያ ማንደፍሮ ራሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

የታዘዘላቸው አሥራ ሁለት እንክብል ነው፤ በሳምንት አንድ፣ ለሦስት ወር። ኃይለኛ ስለሆነ ነው በሳምንት አንድ ብቻ የሚወሰደው። አያ ማንደፍሮ ማንበብ አይችሉም። ቀኑ እንዳይምታታባቸው አሰብኩና የአገሬው ሰው መስዬ፣ በአገሬው ቃል ልንገራቸው አልኩ።

«በየሰንበቱ አንድ አንድ ይዋጡ» አልኳቸው።

«በየሰንበቱ» ብለው ደገሙልኝ። «በልቼ ነው ሳልበላ?»

«በልተው።»

«እንግዲያው ከቅዳሴ መልስ ነዋ» አሉና መርቀውኝ ወጡ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ሰንበት ማለት እሁድ ነው፣ አለቀ። ጎበዝ ነኝ ብዬ በልቤ ራሴን አሞገስኩ።

ይህ የሆነው ገና በዋለ በሰሞኑ ነበር። ጥር ሃያ ስድስት ቀን ጠዋት በሩን ገና ከመክፈቴ አያ ማንደፍሮ ከተፍ አሉ። ፈገግ ብለዋል፤ ከዘራቸውንም አልያዙም።

«ያ መድኃኒት አለቀ ልጄ፣ ጨምሪልኝ። ነገ መድኃኔዓለም ነው፤ የምውጠው የለኝም» አሉ።

መጀመሪያ እንክብሎቹ የጠፉባቸው መሰለኝ። ቀጥሎ «መድኃኔዓለም» ያሉት ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። «አያ ማንደፍሮ፣ መቼ መቼ ነው የዋጡት?» አልኳቸው።

«እንዳልሽኝ በየሰንበቱ ነዋ» አሉና ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥሩልኝ ጀመር። «ቅዳሜ ሰንበት ነው፣ እሁድም ሰንበት ነው። ከዚያ ሥላሴ...»

«ሥላሴ ረቡዕ አልነበረም እንዴ?»

«ታዲያ ሥላሴን ማን ያርሳል? እንደ ሰንበት አይደል የምናከብረው።»

ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን ጨመሩ። በዚያ ላይ ወሩ ጥር ነው፤ በዓል እንደ ጥር የሚደራረብበት ወር የት አለ? «ጥምቀትና እሁድ ሲገጥሙ ሁለት ልውጥ ብዬ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስግብግብነት ይሆናል ብዬ ተውሁት። አንድ ብቻ ነው የዋጥሁ።»

የሦስት ወሩን መድኃኒት በሃያ ሦስት ቀን ጨርሰውታል። ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። ይህ ቫይታሚን ሲበዛ እንደ ሌላው በሽንት አይወጣም፤ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ አድርጎ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ምልክቱን መጠየቅ ጀመርኩ።

«ውሃ ይጠማዎታል?»

«አንቺን አይጠማሽም?» አሉኝ። ሁለተኛውን ጠርሙስ ውሃ ጨርሼ ባዶውን በእጄ ይዣለሁ።

ማቅለሽለሽ የለም፣ የሆድ ድርቀት የለም፣ ምግብም እንደ ድሮው ይበላሉ። ልቤ ግን አላረፈም። ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ለሐኪሙ ደወልኩና እየተንተባተብኩ ነገርኩት። አንድም እንዳይጨምሩ፣ ውሃ በደንብ እንዲጠጡና በማግስቱ ደማቸው እንዲመረመር አዘዘ።

በማግስቱ መድኃኒት ቤቴን ዘጋሁ። አያ ማንደፍሮ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው መጡና በሚኒባስ ወደ ጎንደር ተነሳን። መንገዱን ሙሉ እኔ የማስበው የእሳቸውን ኩላሊት ነው። እሳቸው ደግሞ ከኪሳቸው የተቆላ ሰሊጥ እያወጡ ያስዘግኑኛል። ጭልጋ ስንደርስ አላስችል አለኝ።

«አያ ማንደፍሮ፣ ያሳሳትኩዎት እኔ ነኝ። በሳምንት አንድ ነበር ማለት የነበረብኝ። አንድ ነገር ቢሆኑ ራሴን ይቅር አልልም» አልኳቸው። 

ሰሊጡን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «አንቺማ በየሰንበቱ አልሽ፣ ልክ ነሽ። ሰንበቱን ያበዛነው እኛ ነን» አሉኝ። «ሐኪሙ ከተቆጣ፣ ቁጥር የማላውቅ እኔ ነኝ እለዋለሁ፤ አንቺ ዝም በይ።»

ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። ጉዳት አድርሼባቸው ይሆናል ብዬ የምፈራላቸው ሰው ለእኔ ጥፋቱን ሊሸከሙልኝ ተዘጋጅተዋል።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ፊቱም ቆጣ ያለ። አያ ማንደፍሮ ገና ሳይቀመጡ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ሲጀምሩ አቋረጥኳቸውና የሰራሁትን አንድ በአንድ ተናዘዝኩ። ሥላሴ ላይ ስደርስ ሐኪሙ ከንፈሩን ነከሰ። ጥምቀት ላይ ስደርስ ግን አልቻለም፤ ሳቁን ለቀቀው።

ደማቸው ተወሰደ። ከክፍሉ ልንወጣ ስንል አያ ማንደፍሮ ዞር ብለው «እሷንም መርምራት፤ መንገድ ሙሉ ቀለሟ ጠፍቶ ነው የመጣች» አሉት። የጠፋው በድንጋጤ ነው ብል ማን ይስማኝ። ሐኪሙ ውሎዬን ጠየቀኝ። ድካምና የጀርባ ሕመም እንዳለብኝም ነገርኩትና የእኔም ደም ተቀዳ።

ያደርነው ልጃቸው ቤት ነው፤ እሳቸው አንኮራፉ፣ እኔ ጣራ ስቆጥር አደርኩ። በማግስቱ ውጤቱ መጣ። ካልሲየማቸው ደህና፣ ኩላሊታቸው ደህና፣ ጎድሎ የነበረውም ቫይታሚን ሞልቷል። እፎይ አልኩ።

«እግሬንም ለቀቅ አድርጎኛል። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ጨምርልኝ» አሉት አያ ማንደፍሮ።

«የጎደለው ሞልቷል። ከዚህ በላይ ቢውጡ ለአጥንትዎ የሚጨምርልዎት የለም፣ ጉዳት ነው የሚያመጣው» አላቸው። ከዚያ በዓል በዓል ጠዋቱን እንዴት እንደሚውሉ ጠየቃቸው። ለካ በእነዚያ ቀናት መድኃኒቱ ከቅዳሴ መልስ ነው ብለው እንቅልፋቸውን ትተው፣ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ፣ ከቅዳሴ በኋላ የጀለቢያቸውን እጅጌ ሰብስበው ግቢው ፀሐይ ላይ ከሰዎች ጋር ሲጫወቱ ነበር የሚያረፍዱት። በአሥራ አምስት ዓመት ይህን አድርገው አያውቁም።

«እንግዲህ ሕመሙን ያስታገሰው ክኒኑ ይሁን ፀሐዩ ይሁን የእግር ጉዞው፣ እኔ አልምልም» አለ ሐኪሙ። «ክኒኑን ያቁሙ። በዓሉን ግን እንዳያቆሙ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የእኔ ቫይታሚን ዲ አያ ማንደፍሮ መጀመሪያ ከነበራቸውም አንሶ ተገኘ። ቆላ ተቀምጬ፣ መድኃኒቱን እየሸጥኩ! አሥራ ሁለት እንክብል ጻፈልኝ።

አያ ማንደፍሮ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው እንደሚያነብ ሰው ትክ ብለው አዩትና መለሱልኝ።

«በየሰንበቱ ነው ልጄ» አሉኝ። «ግን በእናንተ አገር ሰንበት።»

አሥራ ሁለቱን በአሥራ ሁለት ሳምንት ጨረስኩ። ያ የትራክተር ሾፌር ለእኔም ስጪኝ ብሎ መጥቶ ነበር፤ ላልጎደለው ሰው ምንም አይጨምርም ብዬ መለስኩት። ይህን መድኃኒት ለሚወስድ ሁሉ አሁን «በሳምንት አንድ፣ እሁድ ብቻ» እላለሁ፤ ደግመው እስኪነግሩኝም አልለቃቸውም። የሠራሁትን ስህተት ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

በበዓል ጠዋት ግን አያ ማንደፍሮ ከቅዳሴ ሲመለሱ መድኃኒት ቤቴ በር ላይ ቆም ይላሉ። «ውጪ፣ ሰንበት ነው» ይሉኛል። እኔም በርጩማዬን ይዤ እወጣና ደስ እያለኝ ከአጠገባቸው ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ።