አየር የማያልፍበት ክፍል

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው፤ ጎንደር ውስጥ አንድ አሮጌ ክፍል ለሳምባ ነቀርሳ ምርመራ ሲታደስ ፎርማኑ እኔ ነበርሁ። ሥራው ለአፍ ቀላል ነው፤ ክፍሉን አየር እንዳያልፍበት ማድረግ። የሕመምተኛው አክታ የሚከፈተው እዚያ ውስጥ ስለሆነ፣ በሽታው ወደ ውጭ እንዳይወጣ፣ በመብራት የሚሠራው መሣሪያ አየር ከሚያስገባበትና ከሚያስወጣበት በቀር አንዲት ስንጥቅ መኖር የለባትም። እስከዚያ ድረስ አክታው በማኪና ሌላ ከተማ ይላክ ነበር። መልሱ ሲመጣ ሰውየው የተቀበረበት ጊዜም አለ። ፈታሹ ከአዲስ አበባ መጥቶ ካላሳለፈው ክፍሉ አይከፈትም፤ ከወደቀ ደግሞ ተመልሶ የሚመጣው መቼ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

የአሮጌ ቤት ጉድ አያልቅም። ሶኬቱን ፈትተን ቱቦውን ደፈንን፤ የኮርኒሱን ዙሪያ በሲሊኮን ያዝን፤ የመስኮቱን ፍሬም ነቅለን እንደገና ተከልን። ለግድግዳው ከመካነ ብርሃን በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ለሳኝ ነበሩኝ፤ ሁላችንም አያ እንላቸዋለን። ብዙ አይናገሩም። እጃቸውን ግን ምን ልበላችሁ! የለሰኑትን ግድግዳ ስትዳብሱት እንቁላል ነው።

ፈታሹ ሊመጣ ሲል፣ ነፋስ ባለበት ቀን ጧፍ አብርቼ በየማዕዘኑ ዞርሁ። ነበልባሉ ከተንቀጠቀጠ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ላጎነብስ ስል አያ፣ «እሱን እኔ አይቸዋለሁ» አሉኝ። አመንኋቸው።

ፈታሹ መጣ፤ በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጠመና የክፍሉን አየር ወደ ውጭ ይስብ ጀመር። ቁጥሩን አየና ራሱን ነቀነቀ። ወድቋል። ከዚያ ቀጭን ጭስ የምታወጣ ነገር ይዞ ግድግዳውን ተከተለ፤ መታጠቢያው ሥር ሲደርስ ጭሱ ብትንትን አለ። በባትሪ አበራሁ። ጣት የምታህል ቀዳዳ። ስንጥቅ ብትሆን ሳያዩዋት ቀርተው ነው እል ነበር፤ ዙሪያዋ ተስተካክሎ ተለስኗል። የማን እጅ እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም።

ቱግ አልሁ፤ ቱግ ማለት ልማዴ ነው። «ምነው አያ! ይኸን ያህል ሰው መልስ እየጠበቀ ሲሞት፣ እርስዎ ሆን ብለው ቀዳዳ ይተዉልኛል? በሉ ዕቃዎን ይሰብስቡና ወደ አገርዎ!» አልኋቸው፤ ፈታሹ ፊት፣ ክፍሉ ውስጥ የምትሠራው ባለሙያ ፊት፣ ሠራተኛው ሁሉ ፊት።

አያ አልተቆጡም። «ቀዳዳ የሌለው ቤት ጎታ ነው» አሉ። «ጎታ ውስጥ እህል እንጅ ሰው አይከተትም።»

አየሩን መሣሪያው እንደሚያስገባና እንደሚያስወጣ ነገርኋቸው።

«መብራት ሲጠፋስ?»

ይኸማ በሳምንት ስንቴ ነው! ፈታሹ ቀበል አድርጎ፣ «ያን ጊዜ ባለሙያዋ ሥራዋን ትታ ትወጣለች» አላቸው።

«ቀድሞ ያስተኛታላ። ከተኛች ማን ይቀሰቅሳታል?»

«ምኑ ነው የሚያስተኛት?» አልሁ፤ አሁንም በቁጣ።

«የከሰሉ ጭስ።»

እዚህ ክፍል ከሰል የሚባል ነገር አይገባም። ይኸንኑ ልነግራቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ቀጠሉ። ልጃቸው ለትምህርት ጎንደር መጥታ ቤት ተከራይታ ነበር። ክረምት ሆኖ ብርዱ ቢጠናባት አባቷ ሊጠይቋት ወረዱ፤ የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የመስኮቱን ዙሪያ፣ ሁሉንም ጭቃ በጭድ አቡክተው ደፈኑላት። እሳቸው በተመለሱ በሳምንቱ ልጅቷ ከሰል አስገብታ በሯን ዘጋች። አልነቃችም።

«ሸጋ አድርጌ ነበር የደፈንሁት» አሉ አያ። «ሸጋ አድርጌ።»

ክው አልሁ። ያን ሁሉ ስለፈልፍ የታገሡኝን ሰው ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ይቅርታ ብያቸዋለሁ፤ በሰው ፊት ሰድቤያቸው ነበርና በሰው ፊት። ቀዳዳዋ ግን መደፈን ነበረባት። አያን ይድፈኑ ማለት አልሆነልኝም፤ መታጠቢያው ሥር ተጋድሜ ራሴ ደፈንኋት። ፈታሹ ማራገቢያውን እንደገና አስነሣ፤ ክፍሉ አለፈ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

ምርመራው በተጀመረበት ቀን የአያ ሥራ አልቆ ነበር። እሳቸው ግን ማልደው መጡና ከበሩ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ባለሙያዋ ለምሳ ስትወጣ ብድግ አሉ።

«ደኅና ነሽ ልጄ?»

«ደኅና ነኝ አያ።»

ፊቷን አተኩረው አዩና ተመልሰው ተቀመጡ። በማግሥቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ገባት መሰለኝ፤ ለዚያ ሥራ የሚለበሰውን ያን ሁሉ ልብስ እያወለቀች፣ በየሰዓቱ ወጥታ ትታይላቸው ጀመር።