በሕሊና ጸሎት የሚሰማው የደብሪቱ ልብ

ደብሪቱ ከተወለደች ጀምሮ ልቧ የታመመ ነው። ሠላሳ ዓመቷ ላይ መንግሥት ምሥራቅ ጀርመን ልኮ የልቧን በር በብረት አስቀየረላት። ከዚያ ወዲህ ደረቷ ውስጥ እንደ ጠረጴዛ ሰዓት ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አዋሳ መሃል ከተማ በነበረው የስፌት ማኅበራችን ሲንጀሯ ከእኔ ሲንጀር አጠገብ ስለነበር ድምፁን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ደንበኛው ሁሉ "ስንት ሰዓት ሆነ?" እያለ ይቀልድባታል፤ እሷም "ለአንተ መሽቷል" ትለዋለች።

ጣጣው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነበር። ለተሰዉ ጓዶች የሕሊና ጸሎት ሲደረግ አዳራሹ ጸጥ ሲል፣ ከመሃል ቀጭ፣ ቀጭ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ጉልላት የመጀመሪያ ቀን "የማን ሰዓት ነው? አጥፉት!" ብሎ ጮኸ። ደብሪቱ ብድግ አለችና "እሱ ከጠፋ እኔም የለሁም፣ ጓድ ሊቀ መንበር" አለችው። ሰው ሳቁን ዋጠ፣ ጉልላትም ከዚያ በኋላ ለመደው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ፣ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ፣ እንደ ልማዳችን ለሕሊና ጸሎት ቆምን። ቀጭታው አልተሰማኝም። ጆሮዬን ወደ ጀርባዋ አስጠጋሁ። አለ፤ ግን በጨርቅ የታፈነ ይመስላል። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ትንፋሽ ያጥራት ነበር።

"ደብሪቱ፣ ልብሽ!"

"እኔም አልሰማሁትም" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ በሩ ሄደች።

"ወዴት ነው ጓድ? ስብሰባው አላለቀም!" አለ ጉልላት።

"አዲስ አበባ። ነገ ለእኔም የሕሊና ጸሎት ከምታደርጉልኝ ዛሬ ብሄድ ይሻላል።"

ተከትያት ወጣሁ። መናኸሪያ ሮጠን የመጨረሻውን አውቶቡስ ያዝን። መንገዱን ሙሉ "ብትሞቺ አልምርሽም" ስላት "ካሰች፣ ዝም በይና መስኮቱን ክፈቺልኝ" ትለኛለች።

ሆስፒታል የተቀበለን ዶክተር ተፈራ ደም የሚያቀጥነውን ኪኒን ያቋረጠች መስሎት ተቆጣት። አንድ ቀንም እንዳላቋረጠች ማለች።

"ምንድን ነው የምትበይው?"

"እንደ ሰው ነዋ። ሥጋም፣ እንቁላልም።"

"በሁዳዴ? ከነማተብሽ?"

ደብሪቱ አንገቷን ደፋች። ጴንጤዋ እኔ እንኳ እሷ እንደምትጾም አውቃለሁ፤ በክርኔ ጎሸም አደረግኋት።

"ጎመን" አለች በመጨረሻ። "የጓሮዬን ጎመን፣ ጠዋትም ማታም። እዚያ አገር ሲጠይቁኝም ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ነው ያልኳቸው። ፈረንጅ ፊት ጎመን በላተኛ ነኝ ብዬ አገሬን ላሰድብ?"

ዶክተሩ አልሳቀም። "ጎመን ሲበዛ የኪኒኑን ጉልበት ይሰብራል" አላት። "ደምሽ ረግቶ የብረቱን በር እየያዘው ነው። ነግረሻቸው ቢሆን በዚያ ልክ መጠኑን ያስተካክሉልሽ ነበር።"

"እንግዲህ አሁን አወቃችሁ፤ አድኑኝ" አለች ቀና ብላ። "ጾሜን ግን አልተውም።"

ደሟን በመርፌ አቀጠኑላት። የኪኒኑንም መጠን በየቀኑ በልክ ከምትበላው ጎመን ጋር አስተካከሉላት። ለፋሲካ አዋሳ ገባች፤ ለጠየቃት ሁሉ "ጎመን ሊገድለኝ ነበር" እያለች ሳታፍር ታወራለች።

በሚቀጥለው ስብሰባ ለሕሊና ጸሎት ስንቆም ደብሪቱ ከኋላ ነበረች። ደቂቃው አለፈ፤ ጉልላት ግን አንገቱን እንደደፋ ቀረ። ጆሮውን ጥሏል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

"ተመስገን አምላኬ" አለ ለራሱ፣ ማይክራፎኑ ክፍት መሆኑን ረስቶ።