ሮስኮ ፔልቲየር እና አንዲት ያመለጠች ቃል

ማክሰኞ ጠዋት ስልኩ ሲጮህ ሮስኮ ፔልቲየር የሰፈሩን ትምህርት ቤት ሜዳ በነጭ ቀለም እያሰመረ ነበር። ሰላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ ነው፣ ማለቴ፣ ነበር። ከኋላ ቆሞ ጨዋታውን የሚጠራው፣ ኳሱን የሚወረውረው እሱ ነው፤ ጥፋቱም ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚላከከው። ከሰባት ወር በፊት ግንበኞቹ የሚባለው ክለብ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ የተላላጠበት ክለብ፣ ልጅ እግር አገኘን ብሎ በቃህ አለው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ጭጭ ብሎ ከርሟል።

የደወለው ኦስትራንደር ነው፣ ሀይቁ ዳር ያለው የጀልበኞቹ ክለብ አሰልጣኝ። ይሄ ሰውዬ ወሬ አያበዛም። ኳርተርባኬ አውራ ጣቱ ተሰብሯል አለው። እሁድ አንተ ትጫወታለህ፤ ካሸነፍክ ውድድሩ ጥር ላይ እስኪያልቅ ከኛ ጋር ነህ፣ ካልሆነ ሰኞ ወደ ቀለምህ ትመለሳለህ። ከማን ጋር ነው የምንጫወተው ሲለው፣ ከግንበኞቹ ጋር አለው።

ሮስኮ ብሩሹን እዚያው ጥሎ ሄደ። ይቺ እድል ካመለጠችው ማንም እንደማይደውልለት ያውቃል።

ሰው ክለብ መቀያየር ማሊያ መቀየር ብቻ ይመስለዋል። አይደለም፤ ቋንቋ መቀየር ነው! አንዱ ጋ ዴንቨር የሚባለው ውርወራ ሌላው ጋ ሎሚ ነው። ሮስኮ በአስራ ስድስት ዓመት አምስት ክለብ ዞሯል፤ ጀልበኞቹ ስድስተኛው ናቸው። አምስት ቋንቋ ጭንቅላቱ ውስጥ ተደራርቦ፣ ስድስተኛውን በአራት ቀን አጥና ተባለ።

ያስጠናው ደግሞ ማን መሰላችሁ? ያው ጣቱ የተሰበረው ልጅ፣ ታቪያን ብሩሳር። ታቪያን ማለት አምና በኮሌጅ ኳስ አገር ምድሩ ስሙን ሲጠራ የከረመ፣ ክለቦቹ ተማሪ ሲመርጡ ከሁሉ ቀድሞ የተወሰደ ኮከብ ነው። ግን ኮሌጅ እያለ አንድም ቀን ጨዋታ በአፉ ጠርቶ አያውቅም። አሰልጣኞቹ ከመስመሩ ውጪ የዳክዬ፣ የባርኔጣ ስዕል ያለበት ሰሌዳ ከፍ ያደርጉለታል፤ እሱ አይቶ ይወረውራል፣ አለቀ። እዚህ ሲመጣ አስራ አራት ቃል በአንድ ትንፋሽ ለአስር ሰው ተናገር ሲባል ምላሱ ተሳሰረ። አራት ጨዋታ ተከታትሎ ተሸነፈ፣ ይሄማ ለኮሌጅ ብቻ የተፈጠረ ነው ብለው ሳቁበት።

ልጁ ታዲያ ብልጥ ነው፣ ዘዴ አገኘ። ከፊት የሚከላከሉለትን አምስቱን ግዙፎች ቁርስ ቤት ይወስዳል፣ የእያንዳንዱን ምግብ በጨዋታ ስም ይሰይማል፣ ሁሉንም ሳይጽፍ በአንድ ትንፋሽ ያዛል። አስተናጋጇ ራሷ ቋንቋውን ለምዳዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ አፉ ተፈታ፣ ከዚያ ስድስት ጨዋታ አሸነፈ፤ ሰባተኛው ላይ ነው ጣቱ የተሰበረው።

ሮስኮንም እዚያው ወሰደው። የመጀመሪያ ቀን ፋሌ፣ ኳሱን በእግሩ መሀል ወደ ኋላ የሚያቀብለው ባለ መቶ አርባ ኪሎው ሰውዬ፣ ፓንኬክ ፈልጎ ሾርባ መጣለት።

«ጋሼ ሮስኮ» አለ ታቪያን፣ ሳቁን እየዋጠ፣ «ያዘዝከው የግንበኞቹን ቁርስ ነው እኮ።»

ፋሌ ሾርባውን ወደ ራሱ ሳበ። «እኔስ የመጣልኝን እበላለሁ። እሁድ እንዲህ ብታደርግ ግን የሚበሉት አንተን ነው።»

እስከ ቅዳሜ ሮስኮ ሁሉንም ያዘ። አንዲት ቃል ብቻ አስቸገረችው፣ «ሰማያዊ»። ግንበኞቹ ጋ ሰማያዊ ማለት ኳሱን ስጠኝ፣ እንሂድ ማለት ነው። ጀልበኞቹ ጋ ግልባጩ ነው፤ ማንም እንዳይነቃነቅ፣ ጨዋታ ልቀይር ነው ማለት ነው። ስምንት ዓመት የለመደ ምላስ በአራት ቀን ይገራል?

እሁድ ከሀይቁ የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ስታዲየሙ ጢም ብሏል። ሮስኮ መጀመሪያ ላይ ተንገዳገደ፣ ከእረፍት በኋላ ግን ሞቀውና ልዩነቱን አጠበበ። አንድ ደቂቃ ተኩል ሲቀር ሃያ ለአስራ ስድስት እየተመሩ ነው። አራተኛ ሙከራ፣ የመጨረሻዋ፤ አራት ያርድ ካልሄዱ ኳሱ የግንበኞቹ ነው፣ ጨዋታውም አለቀ። ሕዝቡ ኳርተርባኩ እንዲሰማ ብሎ ጸጥ አለ።

ሮስኮ ከፋሌ ኋላ ጎንበስ አለ። ከፊቱ ግሪር አለ፣ የግንበኞቹ አውሬ፣ ስምንት ዓመት በልምምድ ፊት ለፊቱ የቆመ ወዳጁ። ያኔ ጭንቅላቱ ባዶ ሆነ፣ አፉ ግን የሚያውቀውን አወጣ።

«ሰማያዊ!»

ኳሱ አልመጣለትም። ፋሌ ድንጋይ ሆኗል፣ የራሱ ሰዎች በሙሉ ድንጋይ ሆነዋል፤ ቋንቋቸው ነዋ። ግሪር ግን ተተኩሶ መስመሩን ጥሶ ሮስኮ ላይ ወደቀ። ያንን ድምጽ፣ ያንን ቃል ስምንት ዓመት ሰምቶ በተነሳ ቁጥር ትክክል ነበር። የራሱ አሰልጣኝ ሳምንቱን ሙሉ እንዳትሸወድ ቢለውም እግሩ አልሰማም። ዳኛው ቢጫ ጨርቁን ወረወረ። ኳሱ ሳይነሳ መስመር መጣስ አምስት ያርድ ያስቀጣል። የሚያስፈልጋቸው አራት ነበር።

ስታዲየሙ ተናወጠ። ጀልበኞቹ ተሰበሰቡ። ፋሌ አጎንብሶ፣ «አውቀህ ነው?» አለው።

«አምልጦኝ ነው።»

ፋሌ በሳቅ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። «በል ሌላ እንዳያመልጥህ።»

አላመለጠውም። አስራ አራቱን ቃል በጀልበኞቹ ቋንቋ አንዷን ሳያዛንፍ ለቀቃት። ኳሱ መጣለት፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ግሪር እጁን ሊይዘው ሲል ለቀቀው። ሰላሳ አንድ ያርድ በነፋስ ውስጥ ሄዶ በቀኝ ጥግ የሚሮጠው ልጅ እቅፍ ውስጥ ገባ። ታችዳውን፣ ከጭማሪዋ ምት ጋር ሰባት ነጥብ። ሃያ ሶስት ለሃያ አለቀ።

ታቪያን በታሸገ ጣቱ ሮጦ መጥቶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ጋዜጠኞቹ ከበቡት፣ ያቺ ተንኮል ስንት ቀን ታሰበባት አሉት። አምልጦኝ ነው ሲላቸው ይበልጥ ሳቁ፤ ሽማግሌው ቀበሮ ምስጢሩን አያወጣም ብለው ጻፉ። ግሪርም አቅፎት ቆይቶ፣ እስኪሞት ይቅር እንደማይለው በጆሮው ነገረው።

ኦስትራንደር ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ጠበቀው። እንኳን ደስ አለህ የለ፣ ምን የለ።

«ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ስብሰባ አለ። እንዳታረፍድ።»

ሮስኮ ማሊያውን ሳያወልቅ ሚስቱ ማርሊስ ጋ ደወለ።

«ወፍራሙን ካፖርቴን ላኪልኝ።»

«እስከ መቼ ነው?»

«እስከ ጥር።»

ማርሊስ የቁም ሳጥኑን በር ስትከፍት በስልኩ ተሰማው።