አስተርጓሚው ዝም ሲሉ

ክልሉ በተቋቋመ ሰሞን ጋምቤላ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስመደብ፣ ቤት የተከራየሁት ከአንድ ጡረተኛ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ግቢ ነበር። አኙዋክኛም ኑዌርኛም አማርኛም እኩል ይናገራሉ። አሁን ግን ዳኞቹም ጸሐፊዎቹም የአገሩ ልጆች ሆኑና እሳቸውን የሚፈልግ ጠፋ። ባለቤታቸውም በዚያው ዓመት ሞቱ።

ከዚያ መርሳት ጀመሩ። ወጥ ላይ ጨው ጨምረው መልሰው ይጨምራሉ። አንድ ቀን ከባሮ ድልድይ ማዶ ሲንከራተቱ አግኝቼ ወደ ቤት መለስኳቸው። ጎረቤቱ "ጃጅተዋል" ብሎ ደመደመ፤ ሰላምታውንም እየቀነሰ መጣ። ራቅ ካለችው ፑኝዶ ከተማ የምታስተምረው ልጃቸው ይህን ሰምታ ልትወስዳቸው መጣች። ቤቱን ስለመዝጋት ከእኔ ጋር ስትመካከር አባቷ አጠገባችን ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። የምናወራው ስለሳቸው ሆኖ ሳለ አንዴም ቀና አላሉም።

ያኔ ጠረጠርኩ። ከኋላቸው ቆሜ "አባባ" ብዬ ጠራኋቸው። ዝም። ፊት ለፊታቸው ዞሬ ስደግመው "አቤት ልጄ" አሉ።

ልጅቱን ሳንመረምራቸው እንዳትወስዳቸው ለመንኳት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ስንለካቸው የደም ግፊታቸው ከፍ ብሏል። ጆሯቸውን ኩክ ደፍኖታል። በዘይት አለስልሰን አጠብነው፤ ግራው እምብዛም አልተሻለውም፣ ቀኙ ግን ተከፈተ። በረንዳው ላይ የታካሚውን ጫጫታ ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"እኔ አልጃጀሁም። የሚያናግረኝ ሰው ነው ያጣሁት።"

ልጅቱ ክንዳቸውን ያዘች።

ልጅቱ ለጊዜው ትታቸው ወደ ሥራዋ ስትመለስ፣ የግፊቱን ኪኒን በየጠዋቱ ራሴ አስውጣቸው ጀመር፤ ጨውንም አስቀነስኳቸው። ሰው ግን በኪኒን አይተካም። የጤና ጣቢያውን ኃላፊ፣ አዛውንቱ ጠዋት ጠዋት ተራ ጠባቂዎቹ ዘንድ ቁጭ ብለው ያስተርጉሙልን አልኩት። የሚረሳ ሰው የመድኃኒት ትእዛዝ ቢያዛባስ ብሎ እምቢ አለ። እውነቱን ነበር። መድኃኒቱን እኛው እንናገራለን፣ እሳቸው እንግዳ ይቀበሉ ብዬ ተመላልሼ አሳመንኩት። የቤተ ክርስቲያናቸውንም ሽማግሌ ሄጄ ለመንኩ፤ እሑድ እሑድ ሰው መጥቶ ይወስዳቸውና ፊተኛው ወንበር ላይ ያስቀምጣቸው ጀመር።

የሄደው ሁሉ አልተመለሰም። አንዳንዴ ሚስታቸው የት እንደሄዱ ይጠይቁኛል፤ ስነግራቸው እንደ አዲስ ያዝናሉ። መንገድ ግን መሳት ተዉ።

አንድ ጠዋት አንዲት የኑዌር እናት ትኩሳት የያዘው ሕፃን ታቅፋ መጣች። መርፌውን ስታይ ፈርታ ልትወጣ ተነሳች። አዛውንቱ በቋንቋዋ ቀስ ብለው አነጋገሯት። ከየት እንደመጣች፣ የማን ዘመድ እንደሆነች ጠየቋት፤ ስትመልስላቸው ቆይታ ተቀመጠች። ሕፃኑ ታከመ።

ያን ቀን ልጃቸው ለእረፍት መጥታ አጠገባቸው ነበረች። ቤቱን መዝጋት የሚለውን ከዚያ በኋላ አላነሳችም። ወደ ጋምቤላ ከተማ ለመዛወር አመለከተች፤ እስኪፈቀድላትም ትምህርት ቢሮውን ደጅ ጠናች።