ጭስ የሌለው ማሞቂያ

ሙያዬን ማንም አላስተማረኝም። ሀዋሳ ዳር ባለው የቀለም ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ምድጃ ስጠብቅ የሙቀቱን ልክ በመለኪያ ሳይሆን በጆሮዬ ነበር የማውቀው። ምድጃው በጥቁር ናፍጣ እየነደደ በቧንቧ የሚዞረውን ዘይት ያሞቃል፤ ዘይቱ ደግሞ ለቀለም የሚሆነው ሙጫ የሚበስልበትን ትልቅ የብረት ጋን ያግላል። በዚህ አገር እኔን የሚያክል ምድጃ አዋቂ ነበረ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

አሁን ግን ደክሞኛል።

አምና ምድጃው ቀርቶ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገባ። የምድጃው ጭስ እስከ ቡሹሎ ሰፈር እየሄደ በታጠበ ልብስ ላይ ጥቀርሻ ያራግፍ ነበር። ለውጡን ያመጣችው ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ የተቀጠረች መሐንዲስ ናት።

"ጋሼ፣ ከእንግዲህ ጭስ መዋጥ ቀረልዎ" አለችኝ።

"ጭሱን ተይው ልጄ። ይሄ ድምፅ የሌለው ነገር ሲታመም በምን ይነግረኛል?"

"ራሱ ይጠፋል።"

እውነትም ይጠፋል። የዘይቱ ፍሰት ሲቀንስ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ አለው። ጠዋት ጠዋት ዘይቱ ቀዝቅዞ ስለሚወፍር በየአምስት ደቂቃው ቀጥ ይላል። እየተነሳሁ ማስነሳቱ ሰለቸኝ። በምድጃው ዘመን ያስቸገረን መቆጣጠሪያ ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ ማለፍ ደንባችን ነበር፤ ለስንቱ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይሄንንም አገናኘሁት። የእጅ ሥራዬ ንጹህ ነውና ሳምንት ሙሉ ማንም አላወቀ።

አንድ ጠዋት ዘይቱን በቧንቧ የሚገፋው ፓምፕ ቆመ። ማሞቂያው ግን አልጠፋም። የሚግሉት ብረቶች አረሩ፤ ጋኑ ውስጥ ያለው ሙጫ ሳይበስል ረግቶ ቀረ።

የፋብሪካው ባለቤት ከተማው ውስጥ ፒያሳ ካለው ቢሮው እየበረረ መጣ።

"ድሮም ብያለሁ፣ መብራት አይታመንም! ምድጃው ይመለስ። አንቺም ሌላ ሥራ ፈልጊ" አላት። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ "አባባ፣ ምድጃዎ ናፍቆዎታል አይደል?" አለኝ።

ናፍቆኛል። ዝም ብል ምድጃዬ ይመለሳል፤ ስሜም እንደተከበረ ይኖራል። መሐንዲሷ ግን የማሞቂያውን የመቆጣጠሪያ ሳጥን ከፍታ ሽቦውን አይታዋለች። ቀና ብላ አየችኝ እንጂ አልተነፈሰችም። ያናደደኝ ይሄ ነው፤ እኔ በሰው ምሕረት ኖሬ አላውቅም።

"ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ዕቃው ጥፋት የለበትም" አልኩ።

"እርስዎ?" አለ ባለቤቱ።

"ከእኔ ሌላ እንዲህ አሳምሮ የሚያስር ማን አለ?"

ማንም አልሳቀም።

አዲስ ብረት ተተከለ፤ እሷም ከሥራዋ አልተነሳችም። ሳጥኑ ግን ቁልፍ ተበጀለት፤ ቁልፉም ያለው እሷ ጋ ነው። ጠዋት ጠዋት እስክትከፍት ቆሜ እጠብቃለሁ። "ደህና አደሩ ጋሼ" ትልና ወንበር ትስብልኛለች። እቀመጣለሁ። የምትጠይቀኝ ነገር ቢኖራት እነግራት ነበር፤ እስካሁን ምንም አልጠየቀችኝም።