ጣራ የሌለው ደብር

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። እንግሊዝኛን ያስተማርኩት እኔው ራሴን ነው፤ በደብረ ታቦር እንደ እኔ ያነበበ ሽማግሌ ካለ ይምጣና እንወዳደር። መማሪያዬም አንበሳሜ ገበያ አንድ ቅመም ነጋዴ ገጹን እየገነጠለ በርበሬ ሲጠቀልልበት ያስጣልኩት መጽሐፍ ነው። ፋይፍ ስለሚባለው የስኮትላንድ የባሕር ጠረፍ ይተርካል።

የዓሣ አጥማጆቹን መንደሮች በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ከሁሉ የምወደው ግን በሐዋርያ ስም የተጠራችውን ከተማና ባሕሩ አፋፍ ላይ የቆመውን ታላቅ ደብር ነበር። በሰንበቴያችን ስሜን ያስከበረውም የእሱ ወሬ ነው። "ጥምቀት ሲደርስ ታቦቱ ወደ ባሕሩ ይወርዳል" እላቸዋለሁ። መጽሐፉ እንዲህ አላለም። ደብሩ ባሕር ራስ ላይ ቆሞ ታቦቱ ሌላ የት ይወርዳል?

ባለፈው እሑድ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ከዘመዷ ጋር ሰንበቴ መጣች። እዚያችው የስኮትላንድ ከተማ ተምራ ነው የተመለሰችው።

"በይ ልጄ፣ ስለ ደብሩ መስክሪልኝ" አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

"የቱን ማለትዎ ነው አባባ? ፍርስራሹን?"

ስልኳን ሰጠችኝ። ጣራ የለም። ወለሉ ሣር ነው። መቅደስ በነበረበት ላይ አንድ ሰው ውሻውን እየጎተተ ያልፋል። የእኔ መጽሐፍ ሥዕል የሚያሳየው የፊቱን ግንብ ብቻ ነበር፤ ቀጣዮቹ ገጾች ቀድመው በርበሬ ይዘው ሄደዋል።

ስልኩን መለስኩላት። "ጠላት ነው ያፈረሰው?"

"የገዛ ምእመናኑ ናቸው። እምነታቸውን ሲለውጡ ዘርፈው ተዉት፤ ድንጋዩንም ቤት ሠሩበት።"

"የገዛ ምእመናኑ!"

"አዎ አባባ። እኔም ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አጠና ነበር።"

"ጫማሽን አውልቀሽ?"

አንገቷን ደፋች።

"ታዲያ የአንቱ ታቦት ወደየት ሲወርድ ኖሯል?" አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ገጹ ተገንጥሎ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ እውነትም ነው። ጥምቀቱ ግን ከየትም ገጽ አልመጣም። ተነሥቼ ቆምኩ። "ጥምቀቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው። ሳቁ ቆመ።

ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን አወረድኩ። የደብሩን ሥዕል ከመግለጤ በፊት ጫማዬን አወለቅሁ። ከእኔ በቀር ይህን ማን ያደርገዋል?