ቀኝ እግሬና የኋላው ፍሬን

ባለቤቴ ሞተር ብስክሌቴ ላይ አንድ ጊዜ ተቀምጣ፣ ሁለተኛ ላትቀመጥ ማለች። ጊዜው የአብዮቱ ዘመን ነው፤ እሷ ሸቤ አስተማሪ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ጅማ የቡና ልማት ሠራተኛ። በተጋባን ሰሞን ከትምህርት ቤቷ ወደ ተከራየችው ቤት በክብር ላደርሳት ብዬ ከኋላዬ አስቀመጥኳት። ቁልቁለቱ ላይ የኋላውን ፍሬን ብረግጠው፣ ብረግጠው፣ ሞተሩ እንዳልሰማ ሆኖ ወረደ። መቆሙንስ ቆምን፤ የቆምነው ግን ሰው ደጃፍ ላይ በተሰጣ ቡና መሀል ነበር። ተማሪዎቿ እየተሳሳቁ የተበተነውን ቡና ሲለቅሙ፣ እሷ ቀሚሷን አራግፋ፣ “ያገባሁት አንተን ነው፤ ሞተሩን አላገባሁም” አለችኝ። ፍሬኑ እስኪሠራ ድረስ ከኋላዬ ዝር እንደማትልም እዚያው አስታወቀችኝ።

ለሰው ሲያወሩት ቀልድ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ቀልድ አልነበረም። የዝውውር ጥያቄዋ መልስ አላገኘም፤ አውቶቡስ እንደ ልብ አይገኝም። ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር የተከራየሁትን ቤታችንን ገና በዓይኗ አላየችውም። አልጋ አስገብቼ፣ መጋረጃ ራሴ መርጬ ሰቅዬ፣ ትምህርት ሲዘጋ ይዣት ለመምጣት ቀን እቆጥር ነበር። በእኔና በሚስቴ መካከል የቀረው አንድ ፍሬን ብቻ ነው።

እስከዚያው ቅዳሜ ከሰዓት ሄጄ ሰኞ ማለዳ እመለሳለሁ። ሞተሩ እርግጥ የመንግሥት ነው፤ ግን ከሠርጋችን ወዲህ የሸቤ የቡና ችግኝ ልዩ ክትትል የሚያስፈልገው ሆኖ ተገኘ። አለቃዬም ነገሩ ገብቶት ዝም አለኝ።

ሞተሩን የማሳየው እዚያው ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ላለ ሜካኒክ ነበር። መጀመሪያ “ላልቷል” ብሎ አጠበቀው። ለአንድ ቀን ደህና ያዘ፤ ከዚያ ከበፊቱም ባሰ። ቀጥሎ ጎማውን አውልቆ ሲከፍተው፣ ጎማውን ቆንጥጦ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገውና መልሶ ገጠመው። ባመጣሁለት በሦስተኛው ጊዜ ገና ሳይከፍተው አሸተተውና ቀና ብሎ አየኝ።

“ወላሂ፣ ይሄ ፍሬን የሚያርፍበት ሰዓት የለውም። እግርህን እላዩ ላይ ጭነህ ነው እንዴ የምትነዳው?”

“መንገዱ እኮ ጉድጓድ ብቻ ነው” አልኩት።

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች፤ የእኔም መልስ እንደዚያ ነበር።

“ማሎ፣ እባክህ፣ እኔ መች ስለ መንገዱ ጠየቅኩህ?” አለና ወደ ብሎኑ ተመለሰ።

እኔም ተቀየምኩት። ሞተር ያስተማረኝ የመሥሪያ ቤታችን ሽማግሌ ሹፌር ሲሆን፣ በግቢው ውስጥ እየዞርኩ ሳለ ደጋግሞ ይጮህብኝ የነበረው “እግርህ ከፍሬኑ እንዳይለይ!” እያለ ነው። ይህን ቃል እንደ ኑዛዜ ነበር የያዝኩት። እግሬን አሳርፍበታለሁ እንጂ፣ እንደ ፈሪ ከመነሻ እስከ መድረሻ ረግጬው እሄዳለሁ ብዬ ግን ፈጽሞ አላሰብኩም፤ በመጽሐፍ ብታስምሉኝም አልረግጥም ብዬ እምል ነበር።

ቅዳሜ ሸቤ ስደርስ የባለቤቴ አከራይ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። በዕድሜ የገፉ፣ ድሮ ቡና ይነግዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ሜካኒኩን አንድ በአንድ አማሁላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ “ልጄ፣ ያቺ የኋላዋ ቀይ መብራት ግን ለምንድን ነው የምትበራው?” አሉኝ።

“ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው የምትበራው፣ አባባ።”

“እንግዲያው ሁልጊዜ ትይዛለሃ። ሰኞ ሰኞ ከዚህ በር ተነስተህ እስከ ኩርባው ድረስ እንደበራች ነው። መንደሩ ሁሉ ያውቃል።”

“ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳይነግሩኝ?”

ወደ አጥሩ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ሞተሩ የመንግሥት፣ መብራቱ ቀይ። አብሩ ተብሎ ይሆናል አልን። በዚህ ጊዜ ስለ ቀይ ነገር ማን ይጠይቃል?”

ሳቅን፤ ቀስ ብለን ነው የሳቅነው። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። ሽማግሌው ለአስር ሰላት ሲነሱ ጠብቃ፣ የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች፣ “እኔም አየው ነበር” አለች።

“አንቺም? አንቺስ ምነው ዝም አልሽ?”

“መሄዱ ከብዶህ መስሎኝ ነዋ። ሰኞ ሰኞ እኔን ትተህ መሄድ እያቃተህ፣ እስከ ኩርባው ድረስ ፍሬን እየያዝክ የምትሄድ ይመስለኝ ነበር።”

ብልጥ ባል ቢሆን “እንዴታ!” ይል ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ፍሬን ሳይለቀቅ ሲቀር ሸራው እንዴት እንደሚግል፣ ሲግል እንዴት እንደሚከዳ በዝርዝር አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ስጨርስ “ገባኝ” ብላ ተነሳች፤ እኔም ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንደዚያ ቀን በራሴ ተናድጄ አላውቅም።

ሜካኒኩ ሸራውን እንደገና ፈግፍጎ፣ ከልክ በላይ የጠበቀውን አላልቶ ሰጠኝ። ትምህርት ሲዘጋ ባለቤቴ ሻንጣዋን አሳስራ ከኋላዬ ተቀመጠች። ያ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ስነካው ሞተሩ ቀጥ አለ፤ ቡና ያሰጡት ሰዎች ግን ስንመጣ አይተው አስቀድመው ሰሌናቸውን ሰብስበው ነበር። ከሸቤ ጅማ ድረስ ቀኝ ጉልበቴን በመዳፏ እየመታች “እግርህ! እግርህ!” እያለችኝ ደረስን። መጋረጃውን አየችና እስኪያማት ሳቀች።

ትምህርት ተከፍቶ ሸቤ ከተመለሰች በኋላ፣ በመጀመሪያው ሰኞ ማለዳ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆማ ሸኘችኝ። እግሬን ከፔዳሉ አንስቼ፣ እንደ አዋቂ ሞተረኛ ሄድኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ መብራቷን ጠፍታ እንደምታያት ግን ትዝ አለኝ። ኩርባው ጋ ስደርስ፣ ምንም የሚያስቆም ነገር ሳይኖር፣ ቀኝ እግሬን መልሼ ፍሬኑ ላይ አሳረፍኩና ታጥፌ ከዓይኗ እስክሰወር ድረስ አልለቀቅኩትም።